የስምንተኛው ቡድን እሳተ ገሞራ

የአራተኛ ክፍል ሳይንስ መምህሯ በየዓመቱ ልጆቹን እሳተ ገሞራ ታሠራቸው ነበር። ሃያ ሁለት ዓመት ሙሉ አንድም ጊዜ አላጓደለችም። ልጆቹ ከየቤታቸው አሮጌ ጋዜጣ፣ ባዶ የውሃ ፕላስቲክና በፌስታል የተቋጠረ አፈር ይዘው ይመጣሉ። አፈሩ ይቦካል፤ ፕላስቲኩ አንገቱ ተቆርጦ ካርቶን ላይ ይተከልና ጭቃው ዙሪያውን ይለጠፍበታል። ሦስት ቀን መስኮት ሥር ይደርቅና ቡናማ ቀለም ይቀባል። በመጨረሻ ሁለት ማንኪያ ሶዳ፣ ትንሽ ቀይ የምግብ ቀለም፣ ከላይ አቼቶ ይጨመርበታል። ቀዩ አረፋ ገንፍሎ በጭቃው ተራራ ጎን ሲወርድ ክፍሉ በጩኸት ይናጋል። ከዚያ በኋላ ሳምንት ሙሉ የልጆቹ ጥፍር ውስጥ ጭቃ አይጠፋም፣ ክፍሉም አቼቶ አቼቶ ይላል። ወላጆች "ልብስ ፈጀችብን" ብለው ያጉረመርማሉ። እሷ ግን፣ "ካስተማርኳቸው ሁሉ የማይረሱት ይሄን ብቻ ነው" ትላለች። እውነቷን ነው። አድገው፣ ፂም አብቅለው፣ መንገድ ላይ የሚያስቆሟት አሉ። "ቲቸር፣ የኔ እሳተ ገሞራ እኮ ጣሪያ ነክቶ ነበር!" ይሏታል። ጣሪያ የነካ አንድም አልነበረም፤ እሷ ግን "አዎ፣ አስታውሳለሁ" ትላቸዋለች።

በዚያ ዓመት አርባ ስድስት ልጆች ነበሯት። አንዷን ለምንዬ ብላ ስም አውጥታላት ነበር፤ ልጅቱ አፏን ስትከፍት ከ"ለምን" ሌላ አይወጣትማ። ጭቃ ሲደርቅ ለምን ይሰነጠቃል? ዳይሬክተሩ ለምን ሁልጊዜ ይቸኩላሉ? ቀጭን፣ ጥርሰ ፍንጭት፣ እጇን ከማውጣቷ በፊት ከወንበሯ የምትነሳ ልጅ ናት። አባቷ ከትምህርት ቤቱ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ ብየዳ ቤት ነበረው። ልጆቹ በስምንት ቡድን ሲከፈሉ የስምንተኛው መሪ እሷ ሆነች።

ትምህርት ቤቱ በሙሉ እታለም የሚላት የጽዳት ሠራተኛ ነበረች። ከመምህሯ ጋር በአንድ ዓመት ነው የተቀጠሩት፤ አንዷ ጠመኔ፣ አንዷ መወልወያ ይዘው አብረው አርጅተዋል። በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠው የሆድ የሆዳቸውን ይጫወታሉ። እታለም ፊደል አልቆጠረችም። "ሃያ ሁለት ዓመት ትምህርት ቤት ውዬ አንድ ክፍል እንኳ ያላለፍኩ ሰነፍ እኔ ነኝ" ብላ በራሷ ትቀልዳለች።

ነገሩ የተጠነሰሰው ከአደጋው ሦስት ሳምንት ቀደም ብሎ ነው። ንብረት ክፍሉ የተደፈነ ቱቦ የሚከፍት አሲድ በሃያ ሊትር ጀሪካን ገዛ። ድሮ በትንንሽ ዕቃ ነበር የሚመጣው። እታለም ደግሞ ወገቧን ያማታል፤ ጀሪካኑን እየጎተተች አራት መጸዳጃ ቤት መዞር አልሆንልሽ አላት። መምህሯ ይህን አይታ አዘነችላት።

"ካምና የተረፉ ባዶ የአቼቶ ጠርሙሶች አሉኝ" አለቻት። "በነሱ እየቀዳሽ ለምን አትይዢም?"

እታለም ጠርሙሶቹን ተቀብላ አገላበጠቻቸው። "እዚህ ወረቀት ላይ ምን ይላል?"

"አቼቶ ነዋ።"

"ታዲያ ሰው አቼቶ መስሎት ቢያነሳውስ? እኔ መጻፍ አልችል። አንቺ ጻፊበት፤ 'መርዝ' ብለሽ፣ በትልቁ።"

"ማርከሬን ቤት ትቼዋለሁ። ነገ እጽፍልሻለሁ።"

"እንዳትረሺ ቲቸር።"

"ምን ነክቶኝ እረሳለሁ!"

በማግስቱ የሚታረም ፈተና ነበረባት። ከዚያ ስብሰባ መጣ። እታለም በሳምንቱ አንዴ፣ ከዚያም አንዴ አስታወሰቻት፤ "እሺ፣ ዛሬ" አለቻት። በኋላ እታለምም መጎትጎቱ አሳፈራት፣ መምህሯም ነገሩ ከሐሳቧ ወጣ። አራቱ ጠርሙሶች አሲዳቸውን ይዘው ዕቃ ቤቱ መደርደሪያ ላይ ተቀመጡ። ዕቃ ቤቱ ያለው መደርደሪያ አንድ ብቻ ነው፤ የሳይንስ ዕቃውም፣ የጽዳቱም፣ የተነፈሰ ኳሱም እዚያው ነው የሚታጨቀው። በሦስተኛው ሳምንት ሰኞ፣ መምህሯ ለእሳተ ገሞራው የገዛቻቸውን አዳዲስ የአቼቶ ጠርሙሶች አምጥታ ከነዚያ ጎን ደረደረች። እየደረደረች ሳለ ከበር ሰው ጠራትና ቀና ብላ እንኳ ሳታያቸው ወጣች።

ማክሰኞ ረፋድ ላይ ልምምድ ሆነ። ሐሙስ እንግዶች ስለሚመጡ ዳይሬክተሩ "ልጆቹ ቀድመው ይሞክሩት፤ እንዳያሳፍሩን" ብሎ ነበር። ስምንት የጭቃ ተራሮች በስምንት ጠረጴዛ ላይ ቆሙ። መምህሯ ስምንት የአቼቶ ጠርሙስ ራሷ አምጥታ ነበር፤ ግን የሦስተኛው ቡድን ልጆች ሲገፋፉ የነሱን ገለበጡት። ለስምንተኛው የታሰበው ለነሱ ተሰጠ።

"ቲቸር፣ የኛስ?" አለች ለምንዬ።

"ዕቃ ቤት አለ። ሩጪና መደርደሪያው ላይ ካለው አንዱን አምጪ።"

ልጅቱ ሄዳ እስክትመለስ ሁለት ደቂቃ አልፈጀባትም። መምህሯ ጀርባዋን ሰጥታ የሁለተኛውን ቡድን ሶዳ እየለካች ነበር። መጀመሪያ የሰማችው ድምፅ የምታውቀው አልነበረም። አቼቶና ሶዳ ሲገናኙ እንደ ሹክሹክታ ነው የሚሉት፤ ይሄ ግን የጋለ ብረት ውሃ ውስጥ ሲነከር እንደሚጮኸው ነበር። ከዚያ የልጅ ጩኸት ተከተለ።

ለምንዬ እንደ ልማዷ አጎንብሳ፣ አረፋው ከውስጥ እንዴት እንደሚነሳ ለማየት ፊቷን ከተራራው አፍ ላይ አድርጋ ነበር። ፈንጥቆ ቀኝ ፊቷን በሙሉ ለበሰው።

መምህሯ አፍሳ አቅፋት ወደ ግቢው ቧንቧ ሮጠች። ቧንቧውን ስትከፍተው አየር ብቻ ሳለ። ወደ ሁለተኛው ሮጠች፤ ደርቋል። ውሃ ከጠዋት ጀምሮ ጠፍቶ ነበርና ሦስተኛውም ያው ነው። ልጅቱ በእጇ ላይ ትንፈራገጣለች፤ "እማዬ፣ እማዬ" ትላለች። መምህሯ ከዚያ ወዲያ ምን እንደሚደረግ ጠፋት፤ መሀል ግቢ ቆማ ቀረች።

እታለም ናት የደረሰችው። ለመጸዳጃ ቤቶቹ ውሃው ሳይጠፋ በንጋት ያጠራቀመችው ንጹሕ ውሃ በሦስት ባልዲ ነበራት። ልጅቱን ከመምህሯ እጅ ነጥቃ ጭኗ ላይ አጋደመቻትና ጭንቅላቷን ይዛ ታፈስባት ጀመር። "ክፈቺው እናቴ! ዓይንሽን ክፈቺው! ክፈቺ!" እያለች በባዶ ጣቷ ቆቧን እየፈለቀቀች አንዱን ባልዲ ጨረሰች፤ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። ሐኪሙ በኋላ ላይ፣ ያ ውሃ ባይሆን ኖሮ ሁለቱም ዓይኖቿ ይጠፉ ነበር አለ። የግራው ተረፈ። የቀኙ ጠፋ። የእታለምም መዳፎች እስከ አንጓዋ ተልጠው በፋሻ ተጠቀለሉ።

አጣሪ ኮሚቴ ተቋቋመ። ጉዳዩ ሊታይ በቀረበበት ዕለት ጠዋት መምህሯ ለባሏ ሁሉንም ነገረችው። የከተማ አውቶቡስ ሹፌር ነው፤ የጫማውን ክር እያሰረ ነበር።

"ይጻፍበት ማለቷን ማን ያውቃል?" አላት።

"እሷና እኔ።"

"ሌላስ?"

"ማንም።"

ክሩን ጨርሶ አሰረና ቀና አለ። "እንግዲያው ዝም በይ። በተዘጋ አፍ ዝንብ አይገባም። ጡረታሽ ሦስት ዓመት ነው የቀረው። ብትናገሪ የልጅቱ ዓይን ይበራል?"

"አይበራም።"

"እሱን ነው የምልሽ።" ክፉ ሰው አልነበረም። ደጃፉ ላይ ደርሶ ተመልሶ ትከሻዋን ያዝ አደረጋት፤ ከዚያ ሄደ።

ኮሚቴው የተሰበሰበው መምህራን ማረፊያ ክፍል ነው። አምስት ሰዎች በረጅሙ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ፤ ዳይሬክተሩ መሀል። እታለም ጥግ ላይ፣ የተጠቀለሉ እጆቿን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ።

"አሲዱን በአቼቶ ጠርሙስ የቀዳው ማን ነው?" አለ ዳይሬክተሩ።

"እኔ ነኝ።"

"ለምን?"

"ጀሪካኑ ከበደኛ፣ ጌታዬ።"

"እሺ፤ ጠርሙሱ ላይ ምልክት እንኳ ለምን አልተደረገበትም?"

እታለም ከመመለሷ በፊት ወደ መምህሯ ዞረች። ፊቷ ላይ ክስ አልነበረም። አንድ ላይ የመጡ ሰዎች በር ላይ ሲደርሱ "አንቺ ቅደሚ" እንደሚባባሉት ዓይነት ነበር አስተያየቷ። "ቲቸር ታውቃለች" አለች።

ዳይሬክተሩ ብዕሩን አነሳ። "ምንድን ነው የሚያውቁት ቲቸር?"

መምህሯ እውነቱን ልትናገር ነበር። ቃሉ ምላሷ ላይ ደርሶ ነበር፤ ይህን በኋላ ለራሷ ደጋግማ ብላዋለች። ነገር ግን አምስቱም ፊታቸውን ሲያዞሩባት የወጣው ሌላ ሆነ።

"ምንም። በዚያ ጠርሙስ መቀዳቱን አላየሁም፤ ዓይኔን ግንባር ያድርገው!"

ሰው በየቀኑ የሚምለው መሐላ ነው። በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ከአፏ እንደወጣ የሂሳብ መምህሩ አንገቱን ደፋ። ዳይሬክተሩ እንኳ ብዕሩ ወረቀቱ ላይ ቆሞበት ቀረ። መምህሯ የገዛ ቃሏ ጆሮዋ ውስጥ ሲጮህ ሰማችው።

እታለም ዓይኗን ወደ እጆቿ መለሰች። ከዚያ በኋላ ቢጠይቋት ቢጠይቋት "የጻፋችሁት ይሁን" ከማለት ሌላ አልተናገረችም። ቃሏ ተነበበላትና አሻራ ስጪ ተባለች። አውራ ጣቷ በፋሻ ስለተጠቀለለ ጸሐፊዋ ከግራ እጇ ራቁቱን የቀረውን ትንሽ ጣት ፈልጋ ቀለም ነከረችው።

በሳምንቱ ተሰናበተች። ሃያ ሊትሩን የገዛውን ሰው የጠየቀው የለም፤ ውሃው ለምን እንደጠፋም የጠየቀ የለም። የግቢው ዘበኛ እታለምን በሩን ከፍቶ ሲሸኛት፣ "አህያውን ፈርቶ ዳውላውን" አለ፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ። መምህሯ በመስኮት ታያት ነበር። በሁለት እጇ መያዝ ስለማትችል ዕቃዋን በክንዷ አቅፋ ነው የወጣችው።

ሁለት ወር አለፈ። መምህሯ ታስተምራለች፣ ታርማለች፣ ትበላለች። የምትበላው ግን አይጣፍጣትም። በእረፍት ሰዓት ደረጃው ላይ መቀመጥ ተወች። አዲሷ የጽዳት ሠራተኛ ወጣት ናት፣ ሰላምታም አታበዛ፤ መምህሯ ይህን እንደ ውለታ ቆጠረችው። ባሏ "እየቆየ ይለቅሻል" ይላታል። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ነውና አልለቀቃትም።

ከዚያ አንድ ሰኞ ለምንዬ ተመልሳ መጣች። የቀኝ ዓይኗ ላይ ነጭ መሸፈኛ ተደርጓል፤ ጉንጯ ላይ ቆዳው ተኮማትሮ ቀልቷል። ልጆቹ መጀመሪያ ፈሯት፤ በኋላ ቦታ ለቀቁላት። መምህሯ ቀኑን ሙሉ ስታስተምር እጇን ታወጣለች ብላ ጠበቀች። አላወጣችም። ማክሰኞም፣ ረቡዕም አላወጣችም። ደብተሯን በግራ ዓይኗ ለማየት አንገቷን ጠምዝዛ ትጽፋለች፤ ሲደወል ትወጣለች።

ሐሙስ ሁሉም ሲወጡ ልጅቱ ቀረች። ጠረጴዛው ዘንድ መጥታ ቆመች።

"ቲቸር።"

"ወዬ የኔ እናት።"

"ማሽተት ነበረብኝ አይደል?"

"ምኑን?"

"ጠርሙሱን። አቼቶ ይሸታል፤ እሱ አልሸተተኝም ነበር። አንቺ ሳታሸቱ ምንም ነገር አትጨምሩ ብለሽን ነበር። እኔ ቸኩዬ ነው። እማዬም እንደሱ ነው የምትለው፤ የቸኮለች አፍስሳ ለቀመች ትለኛለች፣ ከዚያ ታለቅሳለች።" ትንፋሿን ሳበች። "ጥፋቱ የኔ ስለሆነ ለአባዬ አትንገሪው እሺ? እሱ ገና አላወቀም።"

መምህሯ ወንበሯ ላይ ቁጭ አለች። ይህች አሥር ዓመት ያልሞላት ልጅ ሁለት ወር ሙሉ ሆስፒታል አልጋ ላይ ተኝታ፣ የእሷን ጥፋት እንደራሷ ተሸክማ፣ ለአባቷ እንዳይነገርባት ስትፈራ ኖራለች።

"ስሚኝ" አለቻት። "አንቺ አላጠፋሽም። ጠርሙሱ ላይ መርዝ ተብሎ መጻፍ ነበረበት። እታለም ጻፊበት ብላኝ ነበር። እጽፋለሁ ብዬ ሳልጽፍ የቀረሁት እኔ ነኝ። የላክሁሽም እኔ ነኝ። ሰማሽኝ? እኔ ነኝ።"

ልጅቱ በአንድ ዓይኗ ትክ ብላ አየቻት። ነገሩን በጭንቅላቷ ስታገላብጠው ይታያል።

"ታዲያ እታለምን ለምን አባረሯት?"

መምህሯ ደብተሮቹን ጠረጴዛው ላይ ትታ ቦርሳዋን አነሳች።

ከትምህርት ቤቱ እንደወጣች ቤቷ አልሄደችም። ቤቷ ከሄደች ባሏን ታገኛለች፤ ባሏን ካገኘች ደግሞ ነገ ትላለች። ቀጥታ ወደ ብየዳ ቤቱ ወረደች። የልጅቱ አባት የመስኮት ፍርግርግ እየበየደ ነበር። ቆማ ጠበቀችው፤ ብልጭታው ሲቆም የፊት መከለያውን አነሳና አያት። ወንበር ሊስብላት ዞር ሲል "አልቀመጥም" አለችው። ቆማ ሁሉንም ነገረችው፤ ጠርሙሶቹን መስጠቷን፣ እጽፋለሁ ማለቷን፣ በኮሚቴው ፊት መማሏን፣ መሐላውንም ጭምር።

ሰውዬው መከለያውን ሙሉ በሙሉ አውልቆ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው።

"አስራ ስድስት ዓመት ስበይድ አንድ ቀን ያለዚህ እሳት አይቼ አላውቅም" አለ። "ዓይን ምን ማለት እንደሆነ ስለማውቅ። የሷን ግን ለእርስዎ አደራ ብዬ ነው የላክሁት።"

"አውቃለሁ።"

"ያቺን ሴትዮ ቤቷ ድረስ ሄጄ ደጇ ላይ ሰድቤያታለሁ። ጎረቤት ተሰብስቦ እየሰማ። እጇ በፋሻ እንደተጠቀለለ ቆማ ስትሰማኝ ነበር። ምንም አልመለሰችልኝ። ያውቃሉ?"

አታውቅም ነበር።

"አሁን ምን ላድርግልዎ? ይቅር ልበልዎት?"

"አይደለም። እንዲያውቁት ብዬ ነው።"

"አወቅሁ። እንግዲህ ይሂዱልኝ፤ ሥራ ላይ ነኝ።" መከለያውን አጠለቀ። መምህሯ መንገዱን ስትሻገር የብየዳው ድምፅ ገና አልጀመረም ነበር።

በማግስቱ ጽፋ ያደረችውን ወረቀት ለዳይሬክተሩ ሰጠችው። ቆሞ አነበበው፣ ከዚያ ተቀምጦ አነበበው።

"ቲቸር፣ ይሄ ፋይል ተዘግቷል እኮ" አለ። "እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል፤ እሺ። ግን ሁላችንም ፈርመናል። እርስዎን አውጥቼ ብጥል ሴትዮዋ እጇ ይድናል? ይውሰዱት፤ እንዳላየሁት ልቁጠረው።"

ባሏም ያለው እንዲሁ ነበር። እሷም ያን ጊዜ እሺ ብላ ነበር። አሁን ግን ወረቀቱን ከጠረጴዛው ላይ አነሳችና፣ "እርስዎ ካልተቀበሉኝ ትምህርት ጽሕፈት ቤት እወስደዋለሁ" አለችው። በዚያው ቀን ወሰደችው፤ ማኅተም አስመታችበት።

እታለምን ለማግኘት ሦስት ቀን ፈጀባት። ቤቷ ብትሄድ አጣቻት፤ ጎረቤቶቿ ከገበያው ጀርባ ባለው ባለ አምስት ፎቅ ሕንፃ ደረጃ ታጥባለች አሏት። ከሰዓት በኋላ ነው የደረሰችው። እታለም በሦስተኛውና በአራተኛው ፎቅ መካከል ተንበርክካ ነበር። የፕላስቲክ ጓንት አድርጋለች፤ ጣቶቿ ስለማይታጠፉላት መወልወያውን በመዳፏና በክንዷ አጣብቃ ነው የምትገፋው። የእግር ኮቴ ሰምታ ቀና አለች።

"ምን ፈለጉ?"

መምህሯ መጀመሪያ ከኋላዋ ሌላ ሰው ያለ መስሏት ዞር አለች። ሃያ ሁለት ዓመት "አንቺ" ተባብለዋል፤ ተጣልተው እንኳ ከ"አንቺ" ወጥተው አያውቁም።

"እታለም፣ እኔ ነኝ።"

"አየሁዎት።"

"እውነቱን ጽፌ ሰጠሁ። ለአባትየውም ነገርኩት። ሥራሽን ይመልሱልሻል።"

"ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ" አለች እታለም። መወልወያውን ባልዲ ውስጥ ነከረችው፤ መጭመቅ ስለማትችል ግድግዳው ላይ አስደግፋ በክርኗ ተጫነችው። "ማን መልሱልኝ አላቸው? እዚያ ግቢ እንደገና ልገባ?"

"የኔ ጥፋት ነው። እታለም፣ በእግዜር—"

"ጻፍሽው አልጻፍሽው አይደለም እኮ ነገሩ" አለች፤ ለአንድ አፍታ አንደበቷ ወደ ድሮው ተመልሶ ነበር። ወዲያው አረመችው። "መርሳትማ ሰው ይረሳል። እኔም ብዙ ረስቻለሁ። ያን ቀን ኮሚቴው ከመቀመጡ በፊት እኔ አስቤ ነበር። እሷ ካልተናገረች እኔ አልናገርባትም፣ ጡረታዋ ደርሷል፣ ራሷ ታወጣዋለች ብዬ። ለእርስዎ አዝኜ ነው ነገሩን ያልዘረዘርኩት፤ ቲቸር ታውቃለች ብቻ ያልኩት። እርስዎ ግን ማሉ። የልጅ ዓይን ጠፍቶ በዓይንዎ ማሉ።"

መምህሯ አለቀሰች። እታለም አላስቆመቻት፣ አላባበለቻትም። ከታች አንዲት ሴት ዘምቢል ይዛ እየወጣች መጣችና በሁለቱ መካከል አለፈች። ስታልፍ የተወለወለውን ረገጠችው።

"እግርዎን ያንሱልኝ" አለች እታለም፣ ሴትየዋ ካለፈች በኋላ። "ወለሉ እርጥብ ነው።"

ትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ጉዳዩን እንደገና አይቶ ወሰነ። መምህሯ ከማስተማር ታግዳ ወደ መዝገብ ቤት ተዛወረች። ዳይሬክተሩ በማስጠንቀቂያ ታለፈ። ለእታለም ወደ ሥራሽ ተመለሺ የሚል ደብዳቤ ሁለት ጊዜ ተላከላት፤ የሚያነብላት ሰው ፈልጋ አስነበበችው፤ አልመጣችም። ትምህርት ቤቱ እሳተ ገሞራ መሥራትን ከለከለ፤ አዲሱ የሳይንስ መምህር በባለቀለም ጠመኔ ሰሌዳ ላይ ይሥለዋል። ባሏ አንድ ወር ያህል ብዙም አላነጋገራትም። ከዚያ ቀስ በቀስ ስለ ዳቦና ስለ መብራት ማውራት ጀመሩ፤ ስለዚያ ነገር ግን አንስተውት አያውቁም።

በያጁ ሚስቱንና ለምንዬን ይዞ አንድ እሁድ እታለም ቤት መሄዱን መምህሯ ከዘበኛው ሰማች። ሰውዬው ደጁ ላይ ተንበርክኮ ይቅርታ ሲጠይቅ እታለም "ተነስ ልጄ፣ ምን አጠፋህ" ብላ አስገብታቸዋለች አሉ። ለልጅቱ እጇን አሳይታታለች፤ ልጅቱም መሸፈኛዋን አንስታ አሳይታታለች። እስኪመሽ ተቀምጠው ሄዱ።

መምህሯም ሁለት ጊዜ እዚያ ደጅ ደርሳለች። በመጀመሪያው ማንኳኳት አቅቷት ተመለሰች። በሁለተኛው አንኳኳች። ከውስጥ የሰው ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ስታንኳኳ ድምፁ ዝም አለ። ሰው መጥቶ ከበሩ ኋላ ቆመ፤ በስንጥቁ ጥላ ይታያል፣ ትንፋሽም ይሰማል። መምህሯ "እታለም" አለች። የበሩ መቀርቀሪያ ከውስጥ ቀስ ብሎ ተሳበና ተዘጋ። ትንሽ ቆይታ፣ መንገዱን ይዛ ወደ ፌርማታው ሄደች።